ለአንድ ስም አንድ ፊደል ያጣንበት ጠዋት

«ሐያት ነሽ? ተፈልገሻል። ሐሙስ ወግዲ ትመጫለሽ። በስምሽ ነው የጠሩሽ። ‹የዘሃራ ልጅ› አላሉም፤ ‹ሐያት› ነው ያሉት።»

ይህን በስልክ ያሉኝ ሸህ ጀማል ናቸው። እሳቸውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ግን እናውቃቸዋለን። ሸህ ጀማል ስልክ የሚባል ነገር ደውለው አያውቁም፤ መልእክት ካላቸው በእግራቸው ነው የሚያደርሱት። ትናንት ጠዋት አክስቴ ደጃችን ላይ ስልኩን አቀብላኝ ያን ድምፅ ስሰማ፣ እጄ ላይ የነበረው የፎቶ ኮፒ ወረቀት መሬት ላይ ተበተነ። ሳልለቅመው ዘለልኩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እስኪያየኝ ድረስ እልል አልኩ።

«ምነው፣ ቪዛ ወጣልሽ እንዴ?» አለችኝ አክስቴ።

ከቪዛ ይበልጣል! ማን እንደጠራኝና ለምን እንደጠራኝ ግን አሁን አልነግራችሁም። ነገሩ ያለ ጠዋቱ አይገባም። ስለዚህ ወደዚያ ጠዋት ልውሰዳችሁ።

ያኔ እኔ ማን ነበርኩ? የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የከሰዓት ፈረቃ። በአንድ ለአምስት ቡድናችን ውስጥ አምስተኛዋ ነበርኩ፤ ማለትም ደብተር የምታበድረው እንጂ አፏን የማትከፍተው። ጠዋት ጠዋት የአክስቴ የዘሃራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አክስቴ ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ገዝታ መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው ወደ ወረዳ ቢሮዎች በሚወስደው መንገድ ላይ ቤት ተከራየች። እሷ ትጽፋለች፤ እኔ ወረቀት አቀብላለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ የተጻፈውን ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ማውሱን የምነካው እሷ ምሳ ስትበላ ብቻ ነበር።

ሸህ ጀማል ቁርኣን ያቀራሉ፤ ያስተምራሉ ማለት ነው። እኔም በልጅነቴ ከእሳቸው ቀርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ መጽሐፍ አስጻፉን። ለጀማሪ ደረሳ፣ ለቁርኣን ተማሪ፣ ምክር ነው፤ እሳቸው ልጅ ሆነው ለትምህርት የተንከራተቱበትም ታሪክ አለበት። ወረቀት ይዘው መጥተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይናገራሉ። አክስቴ ትጽፋለች። እኔ አነብላቸዋለሁ። «አሃ፣ እዚያ ጋ አንድ ቃል ወደቀች» ይላሉ፤ እውነትም ወድቃ ትገኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ስልሳ ሁለት ገጽ ሞላ። አክስቴ ፒዲኤፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ደረሶቻቸው ደሴ ያለ ማተሚያ ቤት አናግረው ተራ ተያዘ።

ተራው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒውተራችን አበደ። የሰው ፍላሽ ሁሉ ስለሚሰካበት ቫይረስ በልቶት ነበር። ብሩክ የሚባል ከደሴ የሚመጣ ባለሙያ አዲስ ሲስተም ጫነልን። ሠራተኛ ልጅ ነው፤ የቸኮለው ግን ሌላ ከተማም ስለሚጠብቁት ነበር። «የአማርኛ መጻፊያው ሲዲ ተጭሯል፤ በሚቀጥለው ስመጣ ሌላ ይዤ እመጣለሁ። ፋይሎቻችሁ ግን ሁሉም አሉ» ብሎ ሄደ። ማያ ገጹ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አክስቴ በደስታ ስታየው ቆየችና «አሁን ሰው ሆነ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሸህ ጀማል መጡ። ያ ቀን የመምጫ ቀናቸው አልነበረም። ፍላሹ ስድስት ሰዓት ላይ በሚነሳው ሚኒባስ ወደ ደሴ ሊላክ ተሰናድቷል። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ስለነበር ሌላ መላኪያ አልነበረንም።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም አባባ። ኸይር ነው?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም። እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ‹ያስተማሩኝ› የሚለው ገጽ ላይ ስንት ሰው አለ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ናቸው።»

አክስቴ ደነገጠች። «ማንን ረሳን አባባ? አስተካክላለሁ፣ የእኔ ጥፋት ነው…»

«የአንቺ አይደለም። አልተረሱም። እኔ ነኝ የዘለልኳቸው።»

ከዚያ የነገሩንን እንዳለ ልጻፈው፤ አንድም ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

«አሊፍን፣ የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ያስቆጠሩኝ ሴት ናቸው። እመት ለጢፋ ይባላሉ፤ በወግዲ በኩል ነው አገራቸው። ያኔ ገና ልጃገረድ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ልጆቹ እንዳይበተኑ ብለው እሳቸው አስተማሪ ሆኑ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። በኋላ ለትልቁ ትምህርት ራቅ ብዬ ስሄድ ‹አሊፍን ከማን ቀራህ?› ተባልኩ። ‹ከእመት ለጢፋ› ስል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ‹የቀሚስ ደረሳ!› አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ የቀራሁባቸውን ስቆጥር ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ሃምሳ ዓመት ከሁለት ስጀምር ኖርኩ።»

አክስቴ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ሸህ ጀማል ቀጠሉ፦

«ትናንት ከወግዲ ሰው መጣ። ታመዋል። እህል ባፋቸው ከዞረ ሦስት ቀን ሆናቸው። መጽሐፉ እንዲህ እንዳለ ከታተመ ውሸቴን አምስት መቶ ቦታ አባዛሁት ማለት ነው። ስማቸውን አግቡልኝ፣ አንደኛ ላይ። በሕይወት ሳሉ ይዩት።»

አክስቴ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ «አብሽሩ አባባ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት» አለች።

ወላሂ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ አልነበረችም።

ፋይሉ ተከፈተ። ሁሉም ነገር ያምራል፤ ፊደሉ እንደ ድሮው ነው። ብሩክ ፒዲኤፍ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጭኖልን ስለነበር አክስቴ በእሱ አስከፈተችውና ከመጀመሪያው መምህር ስም ፊት ቁልፍ ነካች። አንድ ባዶ ሳጥን ወጣ። ደገመች። ሌላ ሳጥን። ሦስተኛ ስትነካ ሦስተኛ ሳጥን። ስም ሳይሆን የክብሪት ቤት ተደረደረ።

«ይሄ ኮምፒውተር ጅዳ ካለችው ማዳሜ ይብሳል!» አለች። «ስጮህበትም ዝም ስልም አንድ ነው።»

ስልኳን ይዤ ወጣሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ከደጃችን ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሲቆሙ ነው። ብሩክን አገኘሁት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአክስቴም አሰማሁ።

«በወርድ የተጻፈው ዋናው የለም እንዴ?» አለ።

«አክስቴ አጥፍታዋለች።»

«ለምን?»

አክስቴ በሩ ላይ ሆና ጮኸች፦ «ፒዲኤፍ ከሆነ በኋላ ምን ይሠራልኛል? ደረሳው ልቡ ካስገባው ሉሁ ይታጠብ የለ!»

ብሩክ የክርስቲያን ልጅ ስለሆነ ግራ ገባው። እናንተም ቁርኣን ቤት ካልዋላችሁ ላስረዳችሁ። ሉህ የምንጽፍበት እንጨት ነው። የቀኑን ትምህርት በቀለም እንጽፍበታለን፤ ቃል በቃል አጥንተን ለአስተማሪው ካሰማን በኋላ ይታጠብና ለነገው ትምህርት ይዘጋጃል። ታጥቦ ያልነጻ ሉህ የሰነፍ ልጅ ሉህ ነው። አክስቴ እዚያ ያደገች ናት። እና የደንበኞቿ ጽሑፍ ፒዲኤፍ በሆነ ቁጥር ዋናውን አጥባ፣ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫትም ደፍታ ነው የምታድረው። በንጽሕናዋ ትኮራ ነበር።

ብሩክ ስቆ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚ ሐያት። ፒዲኤፍ ማለት መንገደኛ ነው። የሚሄድበት ቤት የእሱ ፊደል ይኑር አይኑር ስለማያውቅ፣ ፊደሉን እንደ ስንቅ ቋጥሮ ይጓዛል። ግን የሚበቃውን ብቻ ነው የሚቋጥረው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜም ያልገባ ፊደል ስንቁ ውስጥ የለም። እናንተ ጋ ደግሞ መጻፊያው ገና አልተጫነም። ስለዚህ አዲስ መጻፍ አትችሉም። ከራሱ፣ ከውስጡ፣ ፊደል በፊደል እየለቀማችሁ ገጥሙት።» ኔትወርኩ ሄደ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያችሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ኮምፒውተር ለእኔ የአክስቴ ዕቃ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ የሚጓዝ ነገር ታየኝ፤ የማያውቀው ቤት ገብቶ እንዳያፍር ፊደሉን በጉያው ይዞ የሚሄድ።

ገብቼ ነገርኳቸው። ሸህ ጀማል «ሱብሃነላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አክስቴ ሌላ ሐሳብ አመጣች። «በእጅ ጽፈን ስካን እናድርገውና እንለጥፈው?»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሥራ አንዱ በአንድ ፊደል፣ እሳቸው በሌላ? አሁንም ከበር ውጭ አቆምናቸው ማለት ነው።»

ከዚያ አክስቴ አንድ ነገር አደረገች። ከወንበሯ ተነሳች። «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፤ ቁጭ በይ» አለችኝ። ደንበኛ ባለበት፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ማውሱን ያዝኩ።

«እ»ን «እውቀት» ከሚለው ቃል ገለበጥኩ። «መ»ን ከ«መምህር»፣ «ት»ን ከ«ትምህርት»፣ «ለ»ን ከ«ለልጆች»፣ «ፋ»ን ከ«ተስፋ»። አንድ አንዷን ይዤ መጥቼ አንደኛው መስመር ላይ ሳሳርፋት ትቆማለች፤ ሳጥን አትሆንም። ሆነ። ሆነ። ሆነ። «እመት ለ» ብሎ ክፍተት፣ ከዚያ «ፋ»።

«ጢ» የለችም።

«ፈልግ የሚለውን ተጫኚዋ!» አለች አክስቴ።

«ለመፈለግ እኮ ‹ጢ›ን መጻፍ አለብኝ። እሷን መጻፍ ብችል ለምን እፈልጋታለሁ?»

አክስቴ ወደ ሸሁ ዞረች። «አባባ፣ እንዲያው ሸህ ሆነው በስልሳ ሁለት ገጽ ስለ ጢም አንድ ቃል አልተናገሩም?»

ሸህ ጀማል በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቁ። «ጢም ለማሳደግ ምክር አያሻም ብዬ ነዋ!»

ገጽ በገጽ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ማሽኑ አንዱን ገጽ ሊያሳየኝ ያንጠለጥለኛል። አሥረኛው ገጽ ላይ ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አሥራ አምስተኛው ላይ መስመሮቹ ይንሳፈፉብኝ ጀመር፤ አንዱን መስመር ሁለቴ አንብቤ ቀጣዩን እዘላለሁ። ምናልባት አልፌያት ይሆናል። ምናልባት ጭራሽ የለችም።

«ልጄ» አሉ ሸሁ፣ «ዓይንሽን አሳርፊ። እኔ በቃሌ ልበለው፣ አንቺ ስሚ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢስሚላህ አሉ። ከዚያ መጽሐፉን ይሉት ጀመር፤ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው መስመር።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ወረቀት የለም፣ ማያ ገጹን አያዩም። ቃሉ ግን እንደ ውሃ ይወርዳል። እኔ ገጹን እየከፈትኩ በዓይኔ እከተላቸዋለሁ፤ አንዲት ቃል አትዛነፍም። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው «እዚህ ጋ ‹ደግሞ› ነበር ያልኩት፤ ወድቃለች» አሉ። አየሁ፤ እውነት ወድቃለች።

«እሷን ይለፏት አባባ፣ በአላህ!» አለች አክስቴ።

መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ አንድ ገበሬ በሩ ላይ ደርሶ ሰላምታውን ጀምሮ ተወው። ጫማውን አውልቆ ቆመ። ቆይቶ ተቀመጠ። አክስቴ እንኳ ኮፒ ማሽኑን አላስነሳችም። ምዕራፍ አለፈ፤ ሌላ ምዕራፍ አለፈ። እኔ «ጢ»ን ብቻ ልሰማ ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ደግሞም እንዲህ እል ነበር በልቤ፦ ብሩክ የጫነው አዲስ ሲስተም፣ ያ ሁሉ ሽቦና መብራት የማይችለውን፣ እኒህ ጃንጥላቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ በባዶ እጃቸው ይችላሉ።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ትዕግሥት በሚለው ምዕራፍ፣ እንዲህ አሉ፦

«…ሌሊት በኩራዝ ጢስ ዓይናችን እየቀላ ቀራን…»

«ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «ጢስ! ጢስ ብለዋል!»

ቆሙ። የቆሙት ግን ስለጮህኩ አልነበረም። ዓይናቸውን ገልጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«የማን ኩራዝ ነበር?» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ራሳቸው መለሱ። «የእሳቸው ነው። የእመት ለጢፋ ቤት ነው። ያ ረቢ… ጢሱን ጽፌ ባለኩራዟን ዘለልኩ።»

አክስቴ ፊቷን አዞረች። እኔም ማያ ገጹ ደበዘዘብኝ። ከመጽሐፉ ሁሉ የጎደለችን አንዲት ፊደል፣ ስለ እሳቸው ቤት ሳያውቁ ከተናገሩት ከአንዷ መስመር ተገኘች። ከሌላ የትም የለችም፤ በኋላ ጊዜ ወስጄ ስልሳ ሁለቱንም ገጽ አይቻለሁ።

«ጢ»ን ወሰድኩ። ክፍተቷ ውስጥ አሳረፍኳት። «እመት ለጢፋ»። ቁጥሩንም አስተካከልኩ። ገበሬው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሴቭ ተጫንኩ።

አንድ ሳጥን ብቅ አለ፣ በእንግሊዝኛ። በድንጋጤ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሌላ ሳጥን መጣ። እሱንም ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ተዘጋ።

ስከፍተው አሥራ አንድ ሰው። እመት ለጢፋ የሉም።

«ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ ሐያት!» አክስቴ ራሷን ያዘች። ከአምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ከመናኸሪያው በኩል ጥሩምባ ይሰማል፤ የማን መኪና እንደሆነ ባናውቅም ሁሉም የእኛ መሰለን።

እኔ የማውቀውን ላድርግ ብል ማልቀስ ነበር። የድሮዋ ሐያት ተነስታ ወንበሩን ለአክስቷ ትለቅ ነበር። ሸህ ጀማል ግን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ቦታዋን አሁን ታውቂ የለ? ሉሁ ቢታጠብ ምን ይሆናል፣ ትምህርቱ አንቺ ጋ ነው። ድገሚው።»

ደገምኩት። እውቀት፣ መምህር፣ ትምህርት፣ ለልጆች፣ አርባ አንደኛው ገጽ፣ ተስፋ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አሁን ሴቭ ልል ነው። ስልኩን ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሴቭ ብዬ ሳጥኑ ሲመጣ ምንም ሳልነካ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠርቼ መልሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድ አንዱን ቃል እንደ ጥሬ እየለቀምኩ አነበብኩት። «እዚህ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ፈቃድ የለህም። ባለቤቱን ጠይቅ» ነው የሚለው።

«አክስቴ፣ የዚህ ፋይል ባለቤት ማነው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?»

«አይደለሽም ይላል።»

«በገዛ ቤቴ!»

ሳስበው ገባኝ። ፋይሉ የተቀመጠው በአሮጌው ሲስተም ጊዜ፣ በአሮጌው ስም ነው። አሮጌው ጠፍቷል። አዲሱ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ዕቃ አላስነካም አለ። ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ታማኝ ዘበኛ ነው! እና እሱ የሚጠብቀውን ቤት ትቼ ሌላ ቤት ባስቀምጠውስ? ፍላሹን ሰካሁ። ሴቭ አይደለም፣ ሴቭ አዝ። ቦታው፦ ፍላሽ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል «ለጢፋ» ብዬ አዲስ አወጣሁለት። ተጫንኩ።

ምንም ሳጥን አልመጣም።

ፍላሹን ነቀልኩ፤ መልሼ ሰካሁ፤ ከፈትኩ። ሸሁ «አንብቢልኝ» አሉ፤ ያልተሰማ ነገር አልተጻፈም ባይ ናቸው። ቆሜ አነበብኩ።

«ያስተማሩኝ። አንደኛ፣ እመት ለጢፋ። ሁለተኛ…»

«አሚን» አሉ፣ ሁለተኛውን ሳልጨርስ።

ሮጥኩ። ከእኛ በር እስከ መናኸሪያው እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሚኒባሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከበሩ ሲወጣ ደረስኩበትና በእጄ መዳፍ ጎኑን ደበደብኩት። ሹፌሩ «ልትሞቺ ነው እንዴ አንቺ!» አለኝ፤ ፍላሹን ግን ደረት ኪሱ ከተተልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ካርቶን ከመኪና ጣሪያ ላይ ወረደ። ሸህ ጀማል አንዱን መጽሐፍ መዘዙና ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይሄዱ ወግዲ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። እመት ለጢፋ ይድረሱላቸው አይድረሱላቸው አናውቅም ነበር። ለአራት ቀን አክስቴና እኔ ስልኩን በየተራ ስናይ ሰነበትን። ትናንት ተደወለ።

በሕይወት አሉ! አገግመው ገንፎ መቅመስ ጀምረዋል። ዓይናቸው ስለደከመ የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ከዚያ ሸህ ጀማልን ምን እንዳሏቸው ታውቃላችሁ? «ጀማል፣ ከሁለተኛው መስመር ቀጥል፤ አንደኛውን ሰማሁት» አሏቸው። ሃምሳ ዓመት የተሸከሙት ነገር በዚህ ብቻ አለቀ፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልነበረም። ሲጨርሱ «ስሜን የለቀመችው ማናት?» ብለው ጠየቁ። እና ጠሩኝ፤ ሐያት ብለው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ጠዋት ምን ቀየረብኝ? ዋናውን ጽሑፍ አታጥፉ፣ ሴቭ እምቢ ካለ ቦታና ስም ቀይሩ የሚለውን ከእኔ በላይ ብሩክ ይነግራችኋል። አክስቴም አሁን አታጥብም፤ ይልቅስ አንዱን ፋይል አራት ቦታ እያስቀመጠች ኮምፒውተሩን ልታጨናንቀው ነው። የእኔ ለውጥ ሌላ ነው። የእንግሊዝኛውን ሳጥን ሳልሸሽ ቁጭ ብዬ ካነበብኩ ወዲህ ብዙ ነገር ቁጭ ብሎ የሚነበብ ሆኖ ይታየኛል። ቡድናችን ውስጥ መናገር ጀምሬያለሁ። ይሄው መጻፍም ጀመርኩ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስጻፈኝም።

ደግሞም ሰውን መጠየቅ ለመድኩ። አክስቴን «አንቺን ኮምፒውተር ማን አስተማረሽ?» አልኳት። ሁልጊዜ «ራሴ» ትል ነበር። አሁን ግን «ሲቲ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት ነበረች፣ አንድ ቤት የምንሠራ። የማዳም ልጆች ሲተኙ የልጆቹን ኮምፒውተር ከፍታ ጣቴን ቁልፉ ላይ እያስቀመጠች አሳየችኝ። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ» አለችኝ። አብሬያት በሠራሁበት አራት ዓመት ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካ ሁላችንም ከሁለት ነው የምንጀምረው።

አሁን ወደ ግብዣው። የእኔ አይደለም፤ እመት ለጢፋ በሸህ ጀማል በኩል የላኩትን ነው የማደርሰው። ሐሙስ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ መጽሐፉ ወግዲ እሳቸው ደጃፍ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይምጣ ብለዋል። ሴት ልጅ ያለው ይዟት ይምጣ ብለዋል። ከመካነ ሰላም የምትሄዱ ጠዋት አንድ ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እንገናኝ፤ መንገዱ አቧራ ነው፣ ነጠላም ሻርፕም ያዙ። የሚበላ አትያዙ፣ ይቆጣሉ አሉ። ከእያንዳንዳችሁ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያዋን ፊደል ያስቆጠራችሁ ሰው ስም፣ ማንም ይሁን፣ ምንም ይሁን። እኔ ደብተርና ብዕር ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ስትገቡ ንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ።